ከቡሪ እስከ ጉባ፦ ድንበር ተሻጋሪውን የዓባይ ዓሣ የሚያስተዳድረው ማን ነው?

ቡሪ ከካርቱም መሃል በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ነባር ሰፈር ነው። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ወንዙ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሱዳናውያን ‘ዒጅል’ የሚሉት ናይል ፐርች፣ ‘ቡልጢ’ የሚሉት ቆሮሶ እንዲሁም ጨው ተነስንሶበት ‘ፈሲኽ’ የሚሆነው ትንንሽ ዓሣ ከዚሁ ውሃ ይሰገራል።

ብዙዎች ይህ ዓሣ ከጣና ሐይቅ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸዋል፤ ከታች ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ የለም። የጣና ‘ነጭ ዓሣ’ በክረምት ለመራባት የሚወጣው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ስለሆነ ጥበቃው የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ ነው። ሁለቱ አገሮች የሚጋሩት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ የሚፈሰውን የወንዙን ክፍል ዓሣ ነው። በጋምቤላ በኩል ደግሞ የባሮ ወንዝ በሶባት አድርጎ ከነጭ ዓባይ ጋር ስለሚቀላቀል ደቡብ ሱዳንም የዚህ ጉዳይ ባለድርሻ ናት።

ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ የሚራቡት የክረምቱን ሙላት ተከትለው ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ደፍራሽ ውሃ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሲወርድ፣ ገሚሶቹ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ገሚሶቹ ውሃ ወደተኛበት ሜዳ ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሙላቱ ከዘገየ ወይም ከቀነሰ የዓመቱ ጫጩት ይጎድላል።

በዚህ ጉዞ ላይ እአአ በ1925 የሰናር፣ በ1966 የሮሰሪስ ግድቦች ተሠርተዋል። በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 145 ሜትር ከፍታ አለው። ግድብ ለዓሣ ጉዳት ብቻ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። እንደ ቆሮሶ ያሉ ዓሦች በረጋ ውሃ ይበዛሉ፤ ግድብ የሚፈጥረው ሰው ሠራሽ ሐይቅም ለአካባቢው አስጋሪዎች አዲስ እንጀራ ነው። የሚጎዱት ወራጅ ውሃና ሙላት የሚሹት ናቸው።

የዓባይ ስምምነቶች ስለ ዓሣ የሚሉት እጅግ ጥቂት ነው። የ1959ኙ የግብጽና የሱዳን ውል ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ደለደለ። በመጋቢት 2015 እዚያው ካርቱም ውስጥ የተፈረመው የሦስትዮሽ የመርሆች መግለጫ ጉልህ ጉዳት አለማድረስንና የመረጃ ልውውጥን ይጠቅሳል። በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 6 ሥርዓተ ምኅዳሩን ስለመጠበቅ ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ ስታጸድቀው ሱዳንና ግብጽ ግን አልተቀላቀሉም። ከሦስቱ ሰነዶች አንዱም የጋራ የዓሣ ተቆጣጣሪ አካል አላቋቋመም። የተባበሩት መንግሥታት የ1995ቱ የተጓዥ ዓሦች ስምምነትም የሚመለከተው ባሕርን እንጂ ወንዝን አይደለም።

በዚያው በናይል ተፋሰስ ግን የተለየ ልምድ አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በሰኔ 1994 በፈረሙት ውል፣ መቀመጫው በኡጋንዳዋ ጂንጃ የሆነውን የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ ሀብት ድርጅት መሥርተዋል። ከ50 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ወይም ከ85 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ናይል ፐርች እንዳይሰገርም ወሰን ተበጅቷል፤ ትንሹ ሳይራባ እንዳይያዝ፣ ትልቁ ደግሞ ብዙ እንቁላል ስለሚጥል። ድርጅቱ ጠብን አላስቀረም፤ ኬንያና ኡጋንዳ በሚጊንጎ ደሴት ምክንያት ለዓመታት ተወዛግበዋል። ሆኖም ሦስቱ አገሮች ሐይቁ ውስጥ ስላለው ዓሣ የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ አላቸው።

በጉባና በቡሪ መካከል ይህ የለም። በሚያዝያ 2023 በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ጉዳዩን ይበልጥ አርቆታል፤ ከተማዋን ሠራዊቱ መልሶ የተቆጣጠረው በመጋቢት 2025 ነው። ቢሆንም ለመጀመር አዲስ ውል የግድ አይደለም። አዲስ አበባና ካርቱም ግድቦቻቸው ውሃ ስለሚለቁበት ጊዜና መጠን መረጃ በተለዋወጡ ቁጥር፣ የዓሦቹን የመራቢያ ሳምንታት በዚያው ሰሌዳ ላይ ማስፈር ይችላሉ።