የትምህርት ቤት ገንዘብ በምን ሚዛን ሲመዘን ኖረ
ከታሪክ ክበብ ተማሪዎች

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ ለክበባችን የደረሰው ድርሻ ስለ ቀድሞ ትምህርት ቤቶች አንድ ጽሑፍ ማቅረብ ነበር። ስለ ሕንፃዎቹና ከዚያ ስለ ወጡት ታላላቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ተጻፈ፣ እኛ እምብዛም ያልተነገረለትን የገንዘቡን ነገር መረጥን። ነገሩ ደረቅ ሂሳብ ሊመስል ይችላል። ስንመረምረው ግን፣ አንድ ትምህርት ቤት ስንት ብር ይበቃዋል ተብሎ የተወሰነበት መንገድ፣ ማን ይማር፣ ምንስ ይማር ተብሎ የተወሰነበት መንገድ ጭምር ሆኖ አገኘነው።

ድሮ የቆሎ ተማሪ የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየዞረ በሚለምነው እህል ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ግን ወጪውን ቤተ መንግሥቱ ቻለው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ መምህራን ሥራውን ጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን ትምህርት ቤት ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በራሳቸው ገንዘብ አቋቋሙት። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአዳሪ ተማሪዎች ተከፈተ። በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ሂሳቡ የሚጀምረው ከልጁ ነበር። ልጁ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚበላው ምግብ፣ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚያስተምረው መምህር አንድ በአንድ ይታሰብለት ነበር። ውጤቱም ያማረ እንደ ነበረ ማንም አይክደውም። ነገር ግን እንዲህ የታሰበለት ልጅ ከብዙ ሺህ አንዱ ብቻ ነበር፤ ለሁሉም ይሁን ቢባል የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ባልቻለውም ነበር።

ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ የሚከፈለው ከመሬት ላይ ሲሆን፣ መጠኑም መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ መሆኑ እየታየ በጋሻ ይወሰን ነበር። የተሰበሰበውም ገንዘብ በዚያው ጠቅላይ ግዛት ለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል፣ የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም እንዲቋቋሙ ተደረገ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ገበሬው የከፈለው ብር ርቆ ሳይሄድ ለገዛ አገሩ ልጆች ይመለሳልና። የሆነ ሆኖ ሂሳቡ አሁን ከልጁ መነሣቱ ቀርቶ ከጋሻው መነሣት ጀመረ። መሬቱ የተለካና ለም የሆነበት አገር ብዙ ብር ያስገባል፤ መሬቱ ጠፍ ለሆነበት ወይም ሕዝቡ ከብቱን ተከትሎ ለሚዘዋወርበት አገር ግን፣ የልጁ ቍጥር የቱንም ያህል ቢሆን፣ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ይልቁንም ባለርስቱ ግብሩን ወደ ጭሰኛው ማሻገሩ የተለመደ ስለ ነበር፣ ብሩን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ልጁን ከእርሻና ከእረኝነት አላቆ ትምህርት ቤት ለመላክ አቅም ያነሰው ሰው ነበር።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ በብዛት የሚገኘው በየአካባቢው ከመሬትና ከቤት ግብር ስለሆነ፣ የባለጸጎች ሰፈር ትምህርት ቤት ይጠግባል፤ የድሆቹ ይራባል። በኬንታኪ 66 ድኾች የትምህርት ወረዳዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ክስ አቅርበው፣ የዚያው ስቴት የበላይ ፍርድ ቤት በ1981 ዓ.ም. የትምህርቱ ሥርዓት በሙሉ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ሲል ፈረደ። እኛን ይበልጥ የማረከን ፍርድ ቤቱ የብሩን ልክ አለመቍረጡ ነው። ይልቁንም አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ሊኖሩት የሚገባቸውን ሰባት ችሎታዎች ዘረዘረ። ከእነዚህም መካከል አሳብን በቃልና በጽሑፍ መግለጥ፣ የመንግሥትን አሠራር ማወቅ፣ የራስን ጤና መጠበቅ፣ ለሥራ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት መዘጋጀት ይገኙባቸዋል። የገንዘቡን ነገር፣ ይህን ልጅ ለማድረስ ስንት ያስፈልጋል ብለው እንዲያሰሉ ለሕግ አውጪዎቹ ተወላቸው። እነርሱም በማግሥቱ ዓመት አዲስ የትምህርት ሕግ አወጡ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ጉባኤተኞቹ የልጆቹን ቍጥር፣ የሚያስፈልገውን መምህርና የመማሪያ ክፍል አስልተው ትልቅ ዕቅድ አወጡ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ለአፍሪካ ልጅ ሁሉ እንዲዳረስ፣ ለዚህም እያንዳንዱ አገር ከብሔራዊ ገቢው ለትምህርት የሚያውለውን ከ3 ወደ 4 በመቶ፣ ኋላም ወደ 6 በመቶ ከፍ እንዲያደርግ ወሰኑ። የጎደለውን የውጭ እርዳታ እንዲሞላው ታሰበ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ በአማካይ ከ100 ልጆች 40ው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያገኙ ነበር ሲባል፣ በጉባኤው አስተናጋጅ አገር በኢትዮጵያ ግን ትምህርት ቤት የሚሄደው ከ100 ልጅ 10 ያህሉ ብቻ ነበር። በገዛ ቤት እንግዳ ጠርቶ የራስን ጓዳ ባዶነት ማየት ያሳፍራል። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶች እየበዙ መሄዳቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ከ1960 እስከ 1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለትምህርት ያወጣችው ከብሔራዊ ምርቷ ከ1.4 እስከ 3 በመቶ ሲሆን፣ ሌሎቹ የአፍሪካ አገሮች ከ2.5 እስከ 6 በመቶ ያወጡ ነበር።

እንግዲህ ባለው ብር ብዙ ልጅ ማስተማር የሚቻልበትን ዘዴ ለመፈለግ በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተደረገ፤ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚጠራው ነው። የአገር ውስጥና የውጭ አገር ሊቃውንት ተሰብስበው ባሰሉት መሠረት፣ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ቢሰጥ ገንዘቡ ሊዳረስ ይችላል አሉ። እውነቱን እንናገርና፣ ሂሳቡን ብቻ ላየ ሰው ጥናቱ የሚናቅ አልነበረም፤ የገጠሩን ልጅ ያሰበ ነበርና። ነገር ግን ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቈየ። በዚህ መካከል ወሬው በየቤቱ ገባ። ወላጅ ልጄ ከአራተኛ ክፍል ወደ ሞፈርና ቀንበር ሊመለስብኝ ነው ብሎ ሠጋ። መምህሩም ደመወዜ ሊቀነስ ነው አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም አድማ መቱ፤ ተማሪዎችም በየአደባባዩ ወጡ። መንግሥት ጥናቱ በሥራ ላይ እንዳይውል ቢያደርግም፣ ነገሩ በዚያ አልበረደም፤ በዚያው ዓመት ከተነሣው ማዕበል ጋር ተቀላቀለ።

በእኛ አስተያየት ጥናቱን ያፈረሰው የቍጥሩ ማነስ ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ስንት ዓመት እንደሚበቃው የተወሰነባቸው ወላጆች፣ በስንት ብር እንደሚያስተምሩ የተወሰነባቸው መምህራን ስሌቱን አላዩትም። በዚህ ረገድ በክበባችን ውስጥ ብዙ ክርክር ተደርጓል። አንዳንዶቻችን፣ ቢገለጥም ኖሮ አራት ዓመት ብቻ የሚል ነገር ማንም አይቀበልም ነበር ይላሉ። እነርሱም ምክንያት አላቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ከወሰነ ወዲህ፣ የተማሪው ቍጥር ከቀድሞው ጋር በማይነጻጸር መጠን አድጓል። ሆኖም ወረዳዎች ከሚደርሳቸው የትምህርት በጀት እጅግ የሚበዛው ለደመወዝ የሚውል ሲሆን፣ ለመጻሕፍት፣ ለቤተ ሙከራ፣ ለውሃና ለመጸዳጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለዚህም ሲባል በተማሪ ቍጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ የሚታደል የድጋፍ ገንዘብ ከጊዜ በኋላ ተጀመረ፤ ያም ያልሞላውን የወላጅ መዋጮ ይሞላዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሰፊው የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ደግሞ የኮተቤን የአዳሪዎች ቤት ምግብ ያስታውሰናል፤ የተራበ ልጅ እንደማይማር ዳግም ታውቋልና።

በ2007 ዓ.ም. በኮሪያ፣ በኢንቾን ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት ደግሞ ለትምህርት ከአገር ውስጥ ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶ፣ ከመንግሥት ወጪም ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲመደብ ተስማሙ። ከአዲስ አበባው ጉባኤ ከ54 ዓመት በኋላ ያው 4፣ ያው 6 ተመልሶ መጣ። ነገር ግን መቶኛው የአገሩን ልግስና ይናገራል እንጂ፣ በአንድ ወንበር ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ አይናገርም።

ስለሆነም ክበባችን ለራሳችን ትምህርት ቤት ሂሳቡን ከልጁ ለመጀመር አስቧል። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ተመርጠው፣ አንድ ተማሪ ትምህርቱን በሚገባ ለመከታተል የሚያስፈልገውንና ዛሬ የሌለውን ነገር እየመዘገቡ ነው። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህሮቻችን የቤተ ሙከራውን ዝርዝር ሰጥተውናል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ገና ነው። ዋጋው በመምህሮቻችን እርዳታ ከታሰበ በኋላ ዝርዝሩ በትልቁ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወላጆች ሲያልፉ እንዲያዩት፣ የረሳነውንም ነገር እንዲጨምሩበት ከሥሩ ባዶ ወረቀት እንተዋለን።