ከማዘጋጃ ቤት መድረክ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት፦ አስናቀች ወርቁ በመዝገብ ፊት

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ ማታ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ድራማው ላይ ሴት ተዋናይ ማየቱ አያስገርመውም። እናት ትሆናለች፣ ምራት ትሆናለች፣ ነገረኛ ጎረቤት ትሆናለች፤ በማግስቱም ቡና ላይ የምትታማው በገጸ ባሕሪዋ ስም ነው። ልማዱ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊት ሴት በዘመናዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቆማ እስክትታይ ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፏል።

ነገሩን ከሐረርጌ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉ፣ ሩሲያ የተማሩ፣ ኋላም ጨርጨርን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ መድረኩን የሞሉት እንስሳት ነበሩ። መኳንንቱ በእንስሳቱ ውስጥ የራሳቸውን መልክ አዩና ተቆጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ እገዳው ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ገጸ ባሕሪያቱ አውሬዎች ስለሆኑ «ሴቷን ማን ይጫወታት?» የሚለው ጥያቄ ገና አልመጣም ነበር።

የመጣው ከ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል በኋላ፣ ደራሲዎቹ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በየትምህርት ቤቱ ቴአትር ማሳየት ሲጀምሩ ነው። መልሱም ቀላል ሆነ፤ የሴቷን ቦታ ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ ይጫወተዋል። በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ ከነፃነት በኋላም ማኅበሩ እንደገና ሲያንሰራራ፣ ሴቶች በዘፈንና በውዝዋዜ ነበሩ። ወደ ቴአትሩ ሲመጣ ግን ቀሚሱ ተመልሶ ወደ ወንዶቹ ይሄድ ነበር።

ሴት ቴአትር እንዳትጫወት የከለከለ አዋጅ ፈልጎ የሚደክም ሰው አለ። ነገሩ የተያዘው በአዋጅ ሳይሆን በስም ነው። በሕዝብ ፊት ቆማ ድምጿን ያሰማች ሴት «አዝማሪ» ትባላለች፤ ቃሉ ደግሞ ሙያን ከመጥራት አልፎ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ወንዱ ቀሚስ ቢለብስ ሳቅ ነው፤ ሴቷ ብትቆም የቤተሰብ ስም ነው። በመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች ላይ የወደቀውን ሸክም የሚያስረዳው ይኸው ሚዛን ይመስለኛል።

አስናቀች ወርቁ የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ከሀገር ፍቅር ጋር እኩያ ናት ማለት ነው። (ጋዜጦቻችን ዕድሜዋ ሰባን ካለፈም በኋላ ብዙውን ጊዜ አንቱ አላሏትም። ይህ ንቀት አይደለም፣ የተመልካች ቅርበት ነው፤ እኔም ልማዱን እከተላለሁ።) ክራርን በራሷ ተማረች። ወደ መድረክ የወጣችው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ሲሆን፣ በ1945 ዓ.ም. አካባቢ የታየው «የፍቅር ጮራ» በዘመናዊው የኢትዮጵያ መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ አሰኛት።

«የመጀመሪያዋ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በሀገር ፍቅር በኩል የሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ስም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይነሳል፤ ሁለቱን በቀን አሰልፎ ማወዳደር ግን ብዙ የሚያተርፍ አይመስለኝም። ደግሞስ ሴት በሰው ፊት ስሜትን ተክና ማሳየቷ መቼ አዲስ ሆነ? ለቅሶ ቤት የምትገጥመው አልቃሽ፣ ጠጅ ቤት ሰውን እያየች ስንኝ የምትወረውረው አዝማሪ፣ ሁለቱም የተመልካችን ፊት የሚያነቡ ባለሙያዎች ናቸው። አዲሱ ነገር የተጻፈው ቃል ነበር። አዝማሪዋ የራሷን ቃል ትናገራለች፤ ያውም እዚያው ፈጥራ፣ ሰምና ወርቅ አድርጋ። ተዋናይቷ ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈውን፣ በየምሽቱ ሳይዛነፍ፣ ትናንት እንዳልተናገረችው አድርጋ መናገር አለባት። አስናቀች በሁለቱ መካከል ስትመላለስ ኖረች። ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ ግጥሙን እዚያው ታመጣዋለች፤ መጋረጃ ሲከፈት የደራሲው ሰው ትሆናለች። ይህን ያህል የሚራራቁ ሁለት ትምህርቶች አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን ከ«የመጀመሪያዋ» ማዕረግ አስበልጬ አየዋለሁ።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። ሕንፃው በጣሊያን ዘመን ሲኒማ እንዲሆን የተጀመረ ነበር፤ የመክፈቻው ቴአትር የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ቡድን ወደ አዲሱ ቤት ሲዛወር አስናቀችም አብራ ተዛወረች፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በዚያው ሠራች። ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ ስሙን ለውጦ ብሔራዊ ቴአትር ሲባል እሷ እዚያው ነበረች። ቀደም ሲል በስድብ ቃል ይጠራ የነበረ ሥራ የደመወዝ መዝገብ ገባ። ስድቡ ባንዴ ቀረ ለማለት አልደፍርም፤ ቢያንስ ግን ወር በመጣ ቁጥር የምትፈርምበት ወረቀት ነበራት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንግሥ በዓሉ ቀን፣ ሥራ ጀመረ። ድራማ ሲያስፈልገው የሄደው ወደ ቴአትር ቤቶቹ ነው፤ የቴሌቪዥን ተዋናይ የሚባል ለብቻው የቆመ ሙያ አልነበረምና። ሥርጭቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አያልፍም ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ድሬዳዋ የተቀመጠ ሰው፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቲኬት ካልቆረጠ በቀር፣ አስናቀችን ሊያገኛት የሚችለው በሬዲዮና በሸክላ ነበር። በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቃትም።

እዚህ ላይ ለታሪክ ጸሐፊ አስቸጋሪው ነገር ይመጣል። ሸክላው ተቀምጧል፤ መድረኩ ግን ምሽቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የቴአትር ማስታወቂያ፣ የተዋንያን ስም ዝርዝርና ፎቶግራፍ ቢገኝ እንኳ፣ ፎቶግራፉ ድምፅ የለውም፤ ዝርዝሩም እንዴት እንደቆመች፣ የትኛው ቃል ላይ ዝም እንዳለች አይናገርም። የዛሬዎቹ ተዋንያን ዕድል ሌላ ነው። «ገመና»ን፣ «ሰው ለሰው»ን ወይም «ቤቶች»ን የመሳሰሉ የቴሌቪዥን ድራማዎችን የሠሩ ሴቶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያጠናቸው ሰው ቢመጣ፣ ቪዲዮውን እየመለሰ የዓይናቸውን አጣጣል ሳይቀር ሊጽፍ ይችላል። ስለ አስናቀች የትወና ጥበብ ግን በብዛት ያለን የተመልካቾች ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ውበቷን ሲያነሳ ይረዝማል፣ ሙያዋ ላይ ሲደርስ ያጥራል። ስለ ወንድ ባልደረቦቿ ሲጻፍ በየትኛው ቴአትር ማንን ሆነው እንደተጫወቱ ይዘረዘራል፤ ስለ እሷ ሲጻፍ ቁንጅናዋ ቀድሞ ይመጣል። አድልዎውን አሁን ማረም ቢፈለግ እንኳ ማስረጃው ቀጭን ነው።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ቀረበ፤ ለአጥኚ ትልቅ ሲሳይ ነው። በፊልም የተያዘችው ግን ከመድረክ ወርዳ፣ ያለፈውን ስትተርክ ነው። ከዚያ ቀደም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ቡዳ በሚባል የፓሪስ ሙዚቃ አሳታሚ በሚወጣው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ አሥራ ስድስተኛውን ሲዲ ለእሷ ብቻ ሰጥቷት ነበር። በውጭ አገር ያለ ብዙ ሰው ስሟን የሰማው በዚያ ሲዲ ነው። ሽፋኑ ላይ የተሰጣት ማዕረግ «ባለክራሯ እመቤት» የሚል ነው። ተዋናይ መሆኗን ማዕረጉ አያነሳም።