እጅ መንሳትና ግንባር ማንኳኳት

ስለ ጥንታዊ የሰላምታ ሥርዓት ስናስተምር ብዙውን ጊዜ «የድሮ ወግ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ማን ለማን ምን ያህል ጎንበስ አለ የሚለው ጥያቄ መንግሥታትን ያከራከረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቻይንኛ «ኮው» ማንኳኳት፣ «ቶው» ደግሞ ራስ ማለት ነው። «ኮው» በር ለማንኳኳትም ያገለግላል። ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ ተንበርክኮ ግንባርን ከመሬት ማስነካትን ያመለክታሉ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበ ሰው ሦስት ጊዜ እየተንበረከከ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት ያስነካ ነበር። በ1793 የእንግሊዝ መልእክተኛ ማካርትኒ ይህን አልፈጽምም በማለቱ ብዙ ክርክር ተነሣ። በ1816 የሄደው አምኸርስት ጭራሹን ንጉሠ ነገሥቱን ሳያይ ተመለሰ። በ1912 የቻይና ሪፐብሊክ ይህን ትቶ፣ «ጁጎንግ» የተባለውን ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ደነገገ።

የእኛም ቋንቋ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። በሹም ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ያደገድጋል፤ ጉዳይ ያለው ደጅ ይጠናል፤ ባዶ እጁን ላለመቅረብም እጅ መንሻ ይይዛል። እጅ መንሳት ማክበር ሲሆን እጅ መስጠት ግን መሸነፍ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ይህን ልዩነት በአንድ ሰው ታሪክ ማስረዳት ይቻላል። እንግሊዛዊው ጎርዶን በቻይና የታይፒንግን ዐመፅ በመውጋቱ በ1864 ከንጉሠ ነገሥቱ የማዕረግ ቢጫ ካባ ተሸለመ፤ «የቻይናው ጎርዶን» የተባለውም በዚያ አገልግሎቱ ነው። በኋላ ካርቱም ተቀምጦ ሱዳንን ለግብፅ መንግሥት ያስተዳድር ጀመር። በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጣ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደትና በጉራ ድል ያደረጉ ንጉሥ ስለ ነበሩ የፈለጉት የአክብሮት ቃል ብቻ ሳይሆን ቦጎስንና የባሕር በርን ነበር። ጎርዶን ይህን ይዞ አልመጣምና ንግግሩ ያለ ውጤት ቀረ።

በ1884 ጎርዶን እንደገና ካርቱም ገባ። መህዲው ሃይማኖቱን እንዲቀበል ጠይቆ የደርቡሾችን ጥብቆ ላከለት፤ እርሱ ግን አልለብስም አለ። ጥር 26 ቀን 1885 ከተማዋ ስትያዝ ተገደለ። ግብፅ በመህዲው ጦር ስለ ተጨነቀች ቦጎስ በ1884ቱ የዐድዋ ውል ለኢትዮጵያ ተመልሶ ነበር። ምፅዋን ግን በየካቲት 1885 ኢጣሊያኖች ያዟት።

ከዚህ የምንረዳው ሰላምታ ለውይይት በር ማንኳኳት እንጂ የውይይቱ ፍጻሜ አለመሆኑን ነው። በክፍላችንም እንዲሁ ነው። መምህሩ ሲገባ ብድግ ብሎ የተቀበለ ተማሪ፣ ትምህርቱ ሲጀመር እጁን አንሥቶ ከባድ ጥያቄ ቢጠይቅ ደፈረን አንበል። እጅ ነሥቷል እንጂ እጅ አልሰጠም።