ጉድጓዱን የማትለቅ እናት

ስሙኝማ፤ ተረት አይደለምና “የላም በረት” አትበሉኝ። ከበዴሳ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ ቢላቴ ወንዝ አለ። አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውኃ የቀላው ወንዞቹ በሚያመጡት አፈር ነው። እዚያ ቀይ ውኃ ዳር አንዲት እናት አለች። አዞ ናት።

አዎ፣ አዞ። ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ።

በበጋ፣ በጨለማ ትወጣለች። በኋላ እግሯ አሸዋውን ክንድ ያህል ትዝቃለች፤ 50 ግድም እንቁላል፣ ነጭ በነጭ፣ ትጥልና ትደፍነዋለች። ከዚያ 3 ወር ያህል አትርቅም፤ እምብዛም አትበላም። አርጃኖው ደግሞ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ዞር የምትልበትን ሰዓት ይጠብቃል።

የባሕር ኤሊ እንዲህ አይደለችም። ጥላ፣ ቀብራ ትሄዳለች። እሷን የሚፈጃት መንገዱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሬይን የምትባል ደሴት አለች፤ አረንጓዴዎቹ የባሕር ኤሊዎች በብዛት የሚወጡባት። ሲነጋባት ፀሐይ የምትቀቅላት አለች፤ ከቋጥኝ ተንከባላ በጀርባዋ የወደቀችው ደግሞ እግሯን እያርገበገበች እዚያው ትቀራለች። ሰዎች አጥር አጠሩላቸው፤ አሸዋውንም ደለደሉላቸው።

የእኛዋን የሚያስፈጃት መቆየቷ ነው። የት እንዳለች እረኛው ያውቃል፤ መረብ ጣዩም ያውቃል። አዞ መረብ ይበጥሳል፣ ሰውም ይበላልና ቂም ቢይዙባት አልፈርድባቸውም። መረቡ ከጠለፋትም፣ የምትተነፍሰው እንደኛው በሳንባ ነውና ብቅ ማለት ሲያቅታት ትሰጥማለች። አዞ፣ ውኃ ውስጥ፣ ሰጥማ! በ1984 እ.ኤ.አ. አርባ ምንጭ ላይ የተቋቋመው የአዞ እርባታም እንቁላልና ጫጩት ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ያስለቅማል፤ ለቃሚው መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

ዝናብ ሊጥል ሲል ከአሸዋው ሥር ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ ገና ከቅርፊቱ ሳይወጡ ይጣራሉ። እሷ ከስታ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ ትቆፍራለች። ያን በሬ የሚሰብር መንጋጋ ከፍታ አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች። ያልተፈለፈለ እንቁላል ካለ በምላሷና በላንቃዋ መሀል ቀስ አድርጋ እያንከባለለች ቅርፊቱን ትሰነጥቅለታለች። ከዚያ በአፏ ይዛቸው ወደ ውኃው።

እሷ የሌለች እንደሆነስ? አሸዋው ጠጥሮ፣ ጥሪው ከሥር ሲሰማ ይውላል። ሰምቶ ሊቆፍር የሚመጣው አርጃኖ ነው።