«ጉልበተኛ» ማን ነው? በመቱ የተማሪዎችን የእርስ በርስ ግንኙነት ለሚያጠና

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል የሚፈጸመውን ጉልበተኝነት ለመመረቂያ ጽሑፉ ለማጥናት የሚነሳ የድህረ ምረቃ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቃል ነው። «ጉልበተኛ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚማታ፣ እስክሪብቶ የሚቀማ፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ የሚጠብቅ ወጠምሻ ነው። የከተማው ልጅ «ጉልቤ» የሚለውም ከዚህ አይርቅም። መጠይቁ በዚህ ቃል ብቻ ከተጻፈ ቡጢው ይቆጠራል፤ ማንም የማያናግረው፣ በቡድን ሥራ ማንም የማያስገባው ልጅ ግን «አልተበደልኩም» ብሎ ያልፋል።

የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳን ኦልቬዩስ ናቸው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ታዳጊ ወንዶች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ በ1983 በተካሄደው አገር አቀፍ ዘመቻ የእሳቸው መጠይቅ ሥራ ላይ ውሏል። ኦልቬዩስ አንድን ድርጊት ጉልበተኝነት ለማለት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃሉ፤ ሆን ተብሎ መፈጸሙን፣ መደጋገሙንና በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩን። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ልጆች ቢደባደቡ ጠብ ነው እንጂ ጉልበተኝነት አይደለም።

ይህ መለያ ለእኛ አገር «ተረብ» ጥሩ መፈተኛ ነው። ተረብ መልስ ያለው ጨዋታ ነው፤ የተተረበው ይተርባል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ተተራቢው ሁልጊዜ አንድ ልጅ ሲሆን፣ መልስ መስጠትም ሲፈራ፣ ሳቁ ቢቀጥልም ጨዋታው አብቅቷል። ስለዚህ «ይተርቡሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅም፤ «መልስ ብትሰጥ ምን ይከተላል?» የሚለው ይሻላል።

ቃሉ ለምን እንደሚያሳስብ ቁጥሩ ያሳያል። ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ፔሩንና ቬትናምን የሚሸፍን ሲሆን፣ ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ትንታኔ በ15 ዓመት ዕድሜ በስፋት የታየው በማዋረድና በማግለል የሚፈጸመው በተዘዋዋሪ የሚደረግ በደል ነው። በኢትዮጵያ 15 በመቶ፣ በሕንድ 28 በመቶ ደርሷል። ወንዶች ለድብደባና ለስድብ፣ ሴቶች ለማግለል ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። ዩኔስኮ በ2019 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከተማሪዎች 32 በመቶ ያህሉ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቻቸው ተበድለዋል።

የእርስ በርስ ግንኙነቱን ለማየት የቆየው ዘዴ፣ ያዕቆብ ሞሬኖ በ1930ዎቹ ያስተዋወቁት፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚመርጣቸውን ጓደኞች ስም እንዲጽፍ ማድረግ ነው። በማንም ወረቀት ላይ ስሙ ያልሰፈረ ልጅ ወዲያው ይታያል። «የማትወዱትን ጻፉ» የሚለውን ግን ብተወው እመርጣለሁ፤ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ የጻፈውን ያወራል። ፊንላንዳዊቷ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት ጉልበተኝነት የሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም፤ አጋዥ፣ አጃቢ፣ ተከላካይና ዳር ቆሞ ተመልካችም አለበት። በእኛ ትምህርት ቤቶች የረባሽ ስም የሚመዘግበው የክፍል አለቃ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ኃይሉን የሰጠው ትምህርት ቤቱ ነውና።

ኢሉባቦር የራሷን ጉዳይ ትጨምራለች። በኦሮሚያ አንደኛ ደረጃ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ መጠይቁ በዚሁ ቋንቋ መዘጋጀት፣ ከዚያም ሌላ ሰው መልሶ ተርጉሞት ከመጀመሪያው ጋር መመሳከር አለበት። በደሌ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ስለሆነች፣ የቀድሞውን ኢሉባቦር አጠናለሁ የሚል ከሁለት ዞኖች ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይፈልጋል።

ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችም አሉ። ስንቃቸው ከቤት ይመጣል፤ ማታ የሚጠብቃቸው አዋቂ ላይኖር ይችላል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወላጁ ደግሞ የሚገኘው በገበያ ቀን ሊሆን ይችላል። ቅጹ አስቀድሞ ካልተላከ እነዚህ ልጆች ከናሙናው ይወጣሉ።

ጊዜውም ይታሰብበት። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ለቀማ ሲደርስ ከክፍል የሚቀር ተማሪ አለ፤ ፈርቶ የቀረውም ከእነሱ ጋር ተደባልቆ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ ቀን መጠይቅ በትኖ መመለስ አይበቃም፤ የቀሩትን ስም ይዞ በሌላ ሳምንት ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል።