የጀርባ ጫጫታ ቅነሳ (በንግግር ቀረጻ)

በተቀዳ የሰው ድምፅ ውስጥ የገባን ያልተፈለገ ድምፅ የማሳነስ ሥራ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣ እስከ ቢቸናና ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ቅኔ ወይም የአዛውንት ቃል የሚቀዳ ሰው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣራ የሚደበድብ ዝናብ፣ መንገድ ዳር ደግሞ የባጃጅ ሞተር ይገጥመዋል። ዋናው መፍትሔ ከሶፍትዌር ይልቅ ቀረጻው ላይ ነው፤ ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ንግግሩ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጎላል፣ የዙሪያው ጫጫታ ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። ሶፍትዌር በአንጻሩ ማንም ካልተናገረበት ቅጽበት የጫጫታውን ናሙና ወስዶ ከጠቅላላው ይቀንሳል። ዝናብ እንደ «ሰ» እና «ሸ» በከፍተኛ ድግግሞሽ ስለሚያፏጭ፣ ማጣሪያው ሲበረታ ተነባቢዎቹንም ይበላል፤ በቅኔ ደግሞ አንድ ፊደል ከጠፋ ሰሙም ወርቁም ሊፈርስ ይችላል።

«በአሮጌ ካሴት ላይ ያለው ቃል ዳግም አይቀዳም» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። እንዲያም ሆኖ ማጽዳቱ በልክ ይሁን፦ የ50 ኸርዝ የመብራት እምምታ ጠባብ ስለሆነ ንግግሩን ብዙም ሳይነኩ ማውጣት ይቻላል፣ ዝናቡ ግን ቢለሳለስ እንጂ ባይደመሰስ ይሻላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች የጠራ ድምፅ ቢሰጡም የጎደለውን በግምት ሊሞሉ ይችላሉ። ስለዚህ ያልተነካው ዋና ቅጂ ምንጊዜም ለብቻው ይቀመጣል።