ሾመ ስለሚለው ግሥ

ሾመ የሚለው የአማርኛ ግሥ ከግዕዙ ሤመ የመጣ ነው። የሤመ ጥንተ ፍች ማኖር፥ ማስቀመጥ ነው፤ ሢመትና ሥዩም፥ ሹመትና ሹም ከዚሁ ይወጣሉ። እንግዲህ ሹም ማለት ሌላ ያስቀመጠው ነው እንጂ ራሱን ያስቀመጠ አይደለም። ስለዚህ ነገሥታቱ ሥዩመ እግዚአብሔር ሲባሉ ስሙ ክብርም ወሰንም ነበረ፤ ከባላገሩ ጭቃ ሹም እስከ ንጉሠ ነገሥቱ፥ ሿሚ የሌለው ሹም የለምና። በቤተ ክህነትም ጳጳሱን የሚሾመው የእስክንድርያ መንበር ስለ ነበረ፥ ኢትዮጵያ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው። ሾመ ባለበት ሻረ አይርቅም፤ ይኸውም ከግዕዙ ሠዐረ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ፥ ሁለቱ ግሦች በአንድ ሰው ታሪክ ተገናኙ። የተቀመጠ ይነሣልና፥ ሹም ሁሉ የስሙን ፍች ቢመረምር ምክር ያገኝበታል።